ዘበኛችን «እሷ» ሲል

ዲላ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ቡና ማበጠሪያ ፋብሪካ ቡና ስለቅም ወጣትነቴም፣ ትዳሬም፣ ሐዘኔም አለፈ። መፈልፈያው ገለባውን አራግፎ የሚያወጣውን ቡና ጠረጴዛ ላይ እንበትነዋለን፤ የጠቆረውን፣ የነቀዘውን፣ የተሰበረውን በጣታችን እየለቀምን እንጥላለን፤ ደህናው ጆንያ ውስጥ ይገባል። ሲያወሩት ቀላል ነው፣ ግን ዓይን ይፈልጋል። ምላስም ይፈልጋል፤ ካላወራን ቀኑ አይመሽማ።

ባለቤቱን ጋሼ እንላቸዋለን። ወላጆቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ሱቅና የቡና መፈልፈያ የከፈቱ ናቸው፤ እሳቸው ግን ዲላ ተወልደው፣ ዲላ አድገው፣ ጌዴኦኛውን ከእኛ እኩል ያወሩታል። የከተማው ነጋዴዎች «ሰውዬው ፋብሪካ ሳይሆን ዕድር ነው ያቋቋመው» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ውሸት አይደለም። ቡና በጠፋበት ዓመት ሌላው ሁሉ ሠራተኛ ሲበትን ጋሼ አንዲት ሴት አላሰናበቱም። «የተቀደደ ጆንያ ስፉ» አሉን። ጆንያውን ብናገላብጠው ቀዳዳ የለውም! «ጋሼ፣ የቱን ነው የምንሰፋው?» ብላቸው «ፈልጊያ፣ አይጠፋም» ብለውኝ ሄዱ። ምጽዋት እንዳይመስለን ብለው ነው። ገብቶን ዝም አልን፤ ደህናውን ጆንያ በደህናው ላይ ስንሰፋ ከረምን።

ዘበኛችን ደግሞ እኩያዬ ነው፤ እንደ እኔው ጌዴኦ ነው። አማርኛ ሲናገር ወንዱን ከሴቱ አይለይም። ሚስቱን «እሱ ገበያ ሄደ» ይላታል፣ በሬውን «እሷ ሣር በላች» ይለዋል። እኔም ብሆን አማርኛን ገበያ ውስጥ ነው የለቀምኩት፤ ከትውልድ ቀዬዬ ከጨለለቅቱ በሙሽርነት የመጣሁ ሰሞን የባሌን አክስት «ደህና አደርክ?» ብያቸው መንደሩ ሁሉ ሲስቅብኝ ሰነበተ። እኔ ግን እየተሳቀብኝ ተቃናሁ። እሱ አልተቃናም፤ ግድም የለው።

እንግዲህ የእኔ ጣጣ ዓይኔ ነበር። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ጉም የወረደ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ጉሙ አልነሣ አለ፤ ጥቁሩም ፍሬ ደህናውም አንድ መልክ ሆኑብኝ። ለማንም አልተነፈስኩም። ከጎኔ የምትቀመጠው ከኢዲዶ መንደር የመጣች ልጅ እንደ ዋዛ እጇን እየዘረጋች ያመለጠኝን ትለቅምልኛለች፤ እሷም አታነሳውም፣ እኔም አላነሳውም። ባሌ ሞቷል፤ ልጆቼ ትዳር ይዘው ርቀዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ከተነሣሁ ቤቴ ገብቼ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው። እኔ ደግሞ በሞቴ፣ ዝም ብዬ የምኖር ሴት ነኝ?

አንድ ቀን ጠዋት ዘበኛችን በሩ ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ ጥሩ አይደለም።

«ጋሼ በስልክ ስታወራ ሰማሁ» አለኝ። «‹እሷ አርጅታለች፣ ብዙ አገልግላናለች፣ ከእንግዲህ በክብር እንሸኛታለን› አለች።»

ከለቃሚዎቹ ውስጥ ያረጀሁት እኔ ነኝ። ብዙ ያገለገልኩት እኔ ነኝ። ገብቼ ለኢዲዶዋ ልጅ ብነግራት ሳቀች።

«ጋሼንም ‹ስታወራ› ብሏቸው የለ እንዴ? እሱ እሷ ካለ ወንድ ነው ማለት ነው!»

እውነትም! ተስፋ ሳይ እግሬ አልከበደኝም፤ ወደ በሩ ተመለስኩ።

«ስማ፣ ጋሼ ያሉት እሱ ነው ወይስ እሷ?»

«ያው ነው።»

«እንዴት ያው ነው? የእኔ እንጀራ እኮ ነው!»

ትከሻውን ሰበቀ። «እንግዲህ ያረጀ ነው» አለኝ። አይ ይሄ ሰው! ባንቀው ደስ ባለኝ ነበር።

ወሬው ለካ ከእኔ ቀድሞ ጠረጴዛውን ዞሯል። ሴቶቹ ሁሉ ደግ ሆኑብኝ። አንዷ ውኃ ታመጣልኛለች፣ አንዷ ትራስ ታስተካክልልኛለች፣ ስቆጣቸው እንኳ መልስ የሚሰጠኝ ጠፋ። ያኔ ነው የቆረጠልኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። እስኪያባርሩኝ ምን አስጠበቀኝ ብዬ የበዓል ነጠላዬን አጣፍቼ ጋሼ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣» አልኳቸው ቆሜ፣ «በክብር ልሸኛት ብለው አይጨነቁ። ራሴ መጥቻለሁ። እኔ እርስዎ ላይ ቅሬታ የለኝም። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፣ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው አልለይም፤ ልጂቱ ናት የምትለቅምልኝ። ሐቅዎን እየበላሁ መቀመጥ አልፈልግም። ይፍቱኝ።»

ጋሼ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ማነው ሊሸኝሽ ነው ያለሽ?»

ዘበኛው ተጠራ። መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ግን አልፈራም። «ብለሻል፣ ጋሼ!» አላቸው። «አርጅታለች ብለሻል! በክብር እንሸኛታለን ብለሻል!»

ጋሼ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «መፈልፈያዋን ነው'ኮ! ማሽኗን! አባቴ የገዟት፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ ጀምሮ የምትጮኸዋን! ብረት ነጋዴው በኪሎ ልግዛ ቢለኝ አይሆንም፣ ግቢው ውስጥ በክብር አስቀምጣታለሁ አልኩት።»

ዘበኛችን ወደ እኔ ዞሮ «ያረጀ ነው አላልኩህም?» አለኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ሲያጣምም የኖረ ሰው አንድ ቀን የጋሼን «እሷ» አቃንቶ ቢናገር እኮ ነው እኛን ያሳበደን። አማርኛውም ቢሆን አያድርስ ነው፤ ብረትን እሷ ብሎ ማቆላመጥ ምን ይሉታል? ሳቄ መጣ። ስቄ ሳልጨርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አላይም ብዬ ተናግሬያለሁ።

ጋሼም ሳቃቸውን አቁመዋል። «ዓይንሽን ምን ሆንሽ?»

«እንጃ ጋሼ። ጉም ነው።»

«ሐኪም አይቶሻል?»

«ዳግመኛ አታዪም ቢለኝስ?» አልኳቸው። እንባዬ መጣ።

ጋሼ ተነሥተው በሩን ከፈቱ፤ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ይመስለኛል ጮኽ አሉ። «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ሐኪሙ የፈለገውን ይበል፣ አንቺ ሰኞ እዚህ ትቀመጫለሽ። ባታዪም ትመጫለሽ!»

«ሳላይ መጥቼ ምን ልሠራ?»

«እነዚህን ትቆጫለሽ። ለእሱ ዓይን አይጠይቅም፤ ምላስሽ ሙሉ ነው።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ከደረቴ ላይ አንድ ኩንታል ቡና የወረደ መሰለኝ፤ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሐኪሙ ገና አላየኝም፣ መታወሬና መዳኔ ገና አልታወቀም፤ እኔ ግን ያን ቀን ድኜ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሐኪሙ በባትሪ እያበራ አየኝና «የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል» አለ። ይገፈፋል! እንደ ወተት ስልባቦት! ይኼን ሁሉ ጊዜ በአንድ ቃል ስፈራ መኖሬ አናደደኝ። ቀኑ ሲደርስ ጋሼ በራሳቸው መኪና ወሰዱኝ። ስፈራ «አይዞሽ፣ ምንም አያምም፣ ሰው ሁሉ ያደርገዋል» እያሉ በሩ ድረስ ሸኙኝ። በማግስቱ ሐኪሙ የአንድ ዓይኔን ፋሻ ሲፈታ የመስኮቱን ዘንግ አየሁት፣ የግድግዳውን ስንጥቅ አየሁት፣ የራሴን እጅ አየሁት። እጄ እንዲህ መሸብሸቡን ማን ነግሮኝ! «ተመስገን» እያልኩ ወጣሁ፤ ጋሼ አግዳሚው ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ከፊት ተቀምጬ ሁሉን አያለሁ፤ ያለፍነውን ሁሉ ስሙን እጠራለሁ። እንሰቱ! ባጃጁ! ሙዝ ተራው! ጋሼ ይስቃሉ። እየሳቁ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ሁለተኛው ውስጥ ገቡ። ዘወር ብዬ አየኋቸው፤ አገጫቸው መሪው ላይ ሊያርፍ ደርሷል፣ ዓይናቸውን አጥብበው መንገዱን ይፈልጋሉ። ስንመጣ እኔ አላይም ነበርና ይኼንን አላየሁም።

ከፊታችን መንገዱ መሐል ላይ አንዲት ላም ቆማለች። ጋሼ አልቀነሱም።

«ጋሼ፣ ላሟ!»

«የቷ ላም?»

«ያቁሙ! ጋሼ፣ ያቁሙ!»

መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። ላሟ ዞራ ሳታየን ማመንዠኳን ቀጠለች። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው እጃቸውን ከመሪው ላይ አላነሱም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«ሁለት ክረምት ይሆናል» አሉኝ ድምፃቸው ወርዶ። «የሐኪሙን ምላጭ ሳስበው ነው። እኔ እፈራለሁ።»

እኔን አይዞሽ ሲሉ የነበሩት ሰው! ቁልፉን ከመኪናው ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ወርጄ ላሟን አባረርኩና ባጃጅ አስቆምኩ። «ሐኪም ቤት» አልኩት ባለባጃጁን። ጋሼን ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው፤ እስክንደርስ አልለቀቅኩትም።