ያልጻፍኩት ዝርዝር

ሮቤ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ከቀትር በኋላ ነው። የያዙኝ ጠዋት ገሰራ ላይ፣ ከቤት ቤት እየዞርኩ መጠይቅ ሳስሞላ ነበር። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ነኝ። ከየቤቱ ማን እንደተሰደደ፣ የቀሩት እንዴት እንደሚኖሩ፣ ጎረቤታቸውን ያምኑ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የሲሚንቶው ወለል እርጥብ፣ አየሩ ላብና ሽንት። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ሰላምታዬን የመለሰልኝ የለም። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ አጠገቤ ያሉትን ሽማግሌ «አባባ፣ ከየት ነዎት? ልጆች አሉዎት?» አልኳቸው።

«ለማን ልትነግር ነው?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

በሩ ጋ የተቀመጠው ወጣት በኦሮምኛ «ጆሮ ጠቢ ነው፣ ተጠንቀቁ» አለ። የጎባ ልጅ ነኝ፤ ሰምቻለሁ። እኔም ከመካከላቸው የትኛው ወሬ እንደሚያቀብል አላወቅኩምና ያልሰማ መሰልኩ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። መጠይቆቼ ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል።

«ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው።»

«አሠራሩ ነው» አልኩ።

«ልጆቻችን ሄደዋል ያሉህን ቤቶች ጻፍልኝና ዛሬውኑ ውጣ። አረብ አገር ይሁን ጫካ፣ እኛ እናጣራለን።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። ገሰራ ላይ አንዲት እናት ልጃቸው ከደወለ ዓመት እንዳለፈው ለእኔ ከመንገራቸው በፊት ተነስተው በሩን ዘግተው ነበር። ቤታቸውን እስከ አጥሩ ቆርቆሮ አውቀዋለሁ።

«አልጽፍም» አልኩ። ወረቀቱን መልሼ ገፋሁት። «ለማንም አልናገርም ብያቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ክረምቱን እዚሁ ክረም።»

ስመለስ ሽማግሌው «ምን ፈለጉ?» አሉኝ።

«የሰው ስም።»

«ሰጠህ?»

«አልሰጠሁም» አልኳቸው፤ በኦሮምኛ። ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ። «አላህ ያውቃል» አሉ። ሰሌናቸውን ሳብ አድርገው ጫፉን ለቀቁልኝ። «ተቀመጥ። ግን አትጠይቀኝ።»

አልጠየቅኳቸውም። ከሳምንታት በኋላ እንደያዙኝ ሁሉ ያለ ምክንያት ለቀቁኝ። መጠይቆቹ አልተመለሱልኝም።

ዛሬም ሰው አነጋግራለሁ፤ ሌላ አካባቢ። የእኚያ እናት ልጅ ደውሎ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁለቴ ሮቤ ድረስ ሄጄ ወደ ገሰራ ሳልሳፈር ከመናኸሪያው ተመልሻለሁ። ማን እንደሚከተለኝ አላውቅም።