በላቲን አንደኛ የነበሩት ባቡር ነጂ

እኛ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች በየዓመቱ ሰኔ ላይ ለምሳ ይሰበሰባሉ። እኔ ሃያ ዓመት ሳስተናግድ አንድ ረጅም ሽማግሌ ግን ዘንድሮ ገና ማየቴ ነው። የደበዘዘውን የትምህርት ቤቱን ከረባት ከኪሳቸው አውጥተው በር ላይ አሰሩና፣ ከሐኪሞቹና ከጄኔራሎቹ ርቀው ወጥ ቤቱ አጠገብ ተቀመጡ። እጃቸው ሻካራ ነው። የፖም ኬኩን ሁለቴ አስጨመሩኝ።

ዳኛ ፔምበርተን ከሩቅ አይተዋቸው መጡና በተማሪነት ቅጽል ስማቸው ጠሯቸው።

“አንተ ሽመላ! በላቲን ሁላችንንም አፈር ድሜ ያስጋጥከን! ኋላስ የት ደረስክ?”

የሽማግሌው ጆሮ ቀላ። “ባቡር ነጂ ሆንኩ። አርባ ዓመት ነዳሁ።”

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩአቸው። ሊስቁባቸው ነው ብዬ ፈራሁ።

ዳኛው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ። “የኔን ምኞት ነዋ የወሰድክብኝ! አባቴ እንቢ ባይለኝ... ደስ ይላል?”

“ማለዳ በጉም ውስጥ ድልድዩ ላይ ስወጣ፣ የላቲን ግጥሜን ጮክ ብዬ በቃሌ እለው ነበር። ማን ይሰማኛል?”

ዳኛው እንደ ልጅ ሳቁ። “በል ከመጀመሪያው ጣቢያ ጀምርልኝ!”

ሻያቸው ቀዘቀዘ። ዳኛው ንግግር እንዲያደርጉ ሁለቴ ተጠሩ።

“ሌላ ሰው ፈልጉ” አሉ ዞር ሳይሉ፤ “እኔ ባቡር ላይ ነኝ።”