ለአንድ ወታደር የተፈቀደ ፕላስቲክ

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ የሰሜኑ ጦርነት በበረታበት ወቅት ነው። ዛሬም ድረስ አልረሳውም፤ በረጅሙ የመንግሥት አገልግሎቴ አንድን ሰው ከመከራ ያወጣሁት የጠየቀውን ቀደም ብዬ ከልክዬው ስለነበር ነው።

ፊልም የሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤታችን ከፒያሳ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። እኔ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። መኩሪያ የተባለ ወጣት ሠዓሊ ደግሞ በሥዕል የሚሠራ አጭር ፊልም እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ ተሥሎ አንድ በአንድ ፎቶግራፍ ይነሣል። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ሁለት ባላንጣ ወታደሮች ከአውሮፕላን ድብደባ ሸሽተው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ፤ የያዙት ውኃ አንድ ኮዳ ብቻ ነው።

መኩሪያ ፕላስቲክ በሞዴል 20፣ በዕቃ መጠየቂያው ቅጽ፣ ጠየቀ። በግምጃ ቤት የነበረው ጥቂት ስለነበር በወጪ ማዘዣው በሞዴል 22 የፈቀድሁለት እኩሌታውን ነው። ቅር ብሎት ወጣ፤ ተመልሶ አልጠየቀኝም።

ፊልሙ አልቆ ለገምጋሚ ኮሚቴ ሲታይ እኔም የዕቃውን ወጪ ፋይል ይዤ እንድገኝ ተጠርቼ ነበር። መብራቱ እንደበራ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ብድግ አለ።

«ጓድ መኩሪያ፣ ጠላትና የእኛ ወታደር አንድ ፊት ናቸው። ልዩነታቸው ቆቡ ብቻ ነው። ይህን ለምን አደረግህ?»

መኩሪያ አንገቱን ደፋ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱን የተሣለ ፕላስቲክ እየገለበጠና ቆቡን ብቻ እየለወጠ ለሁለቱም ወታደሮች እንደተጠቀመበት ያን ጊዜ ገባኝ። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ጥፋት ካለ የእኔ ነው» አልሁና ፋይሉን አቀረብሁ። «የጠየቀው ለሁለት ወታደር ነበር። እኔ የፈቀድሁት ለአንድ ነው።»

ሰብሳቢው ከግንባር ቆስለው የተመለሱ ሻምበል ነበሩ። ሁለቱን ሞዴሎች ጎን ለጎን አድርገው ደጋግመው አነበቡ። ፊርማዬን በጣታቸው ነኩ።

«ታዲያ ጠላትን በምን እንዲሥለው ነበር ያሰቡት?»

«እሱን ሳልጠይቀው ነው የፈረምሁት።»

ሻምበሉ ሳቃቸው አመለጣቸው። ወደ ካድሬው ዞረው «ጓድ፣ ጠላት እኛን የመሰለው በዕቃ እጥረት ነው» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለነገሩ ግንባርም ላይ ቆቡ ከወደቀ መለየት ያስቸግራል። ይታይ» አሉና ፈረሙ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም በፊት ታየ። የአራዳ ልጅ በፊልም መካከል ዝም አይልም። አንደኛው ወታደር ኮዳውን ለባላንጣው ሲያቀብል አንዱ ከላይ ሆኖ «ጀለስ፣ ለእኔም ጉንጭ አስቀርልኝ» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አውሮፕላኑ ተመልሶ ሲመጣና ሁለቱ ሲተቃቀፉ ግን ትንፋሽ እንኳ አልተሰማም። ሲያልቅ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። «ይደገም» እያለ ወለሉን በእግሩ መታ፤ ተደገመለትም። አጠገቤ የተቀመጠው መኩሪያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር።

ስንወጣ «እውነቱን ንገረኝ፤ የጠየቅኸውን ሁሉ ብሰጥህ ኖሮ ለየብቻ ትሥላቸው ነበር?» አልሁት።

«አይ ጋሼ» አለ እየሳቀ። «ያው አንዱን ፊት ነበር የምሥለው። የተረፈውን ለሌላ ፊልም እደብቀው ነበር።»

ያን ዕለት ይህን ባውቅ ኖሮ እጄን አወጣ ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ወጣት ሳለሁ እርግጠኛ አልነበርሁም። አሁን ግን አወጣ ነበር እላለሁ። ጡረታ ስወጣ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ የት እንዳስቀመጥሁት አላስታውስም። የዚያን አዳራሽ ጭብጨባ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ከእሱም ጥቂቱ የእኔ ድርሻ ነው ብዬ ያለማንም ፈቃድ ወስጄዋለሁ።