በሁዳዴ የፈሰከች ብስክሌት

ባለቤቴ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከፍኖተ ሰላም ራቅ ብሎ በቡሬ መንገድ ላይ ነበር። በበቅሎ በሚሄድበት ዘመን ሳምንቱን እዚያው ሰንብቶ ቅዳሜ ነበር የሚመጣ። ብስክሌት ከገዛ ወዲህ ግን ማታ ማታ ቤቱ ይገባ ጀመር። እመቤቴን አመሰገንኩ።

ለብስክሌቲቱ የሚያደርገውን ለእኔ አላደረገልኝም። አቧራዋን ይጠርጋል፤ ሰንሰለቷን በዶሮ ላባ የስፌት መኪና ዘይት ይቀባል፤ ጎማዋን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል። ጠዋት ፍሬኗን ሳይሞክር አይወጣም።

የቡሬ ገበሬ የሆኑት አባቴ ግን አልወደዷትም። በቅሎ የተቀመጠ ሰው ሽማግሌ ሲያይ ወርዶ እጅ ይነሳል፤ ይህች ግን ሰውን ሽው አድርጋ ታሳልፋለች ይሉ ነበር። ባለቤቴ ይህን ስለሰማ ለሽማግሌው ሁሉ ይወርዳል፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ይወርዳል። በገበያ ቀን ከመንዳቱ መግፋቱ ይበዛ ነበር።

በሁዳዴ አባቴ መጡ። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ሆና ባሏን የጭነት መኪና እንዲድጥባት አይፈልጉም። ብስክሌቷ ትሸጥ፣ በቅሎ እሰጣለሁ አሉ። በቅሎዋ ከመጣች እኔ ሳምንቱን ብቻዬን ልሆን ነው፤ የመውለጃዬም ጊዜ ደርሷል። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ ይዩልኝ ብሎ ለመናቸው። ነገ ከቤታችሁ በታች ካለው ቁልቁለት ግርጌ እቆማለሁ፤ ፊቴ ቆማ ከወረድክ አትሸጥም አሉ።

አባቴ ፍርድ አያጓድሉም። ሲነጋ ቀድመውን ተነስተው፣ ለበቅሎ ዕቃ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ በጾሙ ምክንያት ማንም ያልነካውን ቅቤ ከቅሉ አውጥተው ኮርቻዋን አለሰለሱላት። ኮርቻው ሲያምር ጊዜ ብረቱን ቀጠሉ፤ ቸርኬዋንም፣ ፍሬኗንም። ከዚያ ወርደው ቆሙ። ባለቤቴ ሲወጣ አማቱ ግርጌው ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ሽማግሌ አቁሞ ፍሬን መሞከር ነውር መሰለው።

እኔ ከላይ ሆኜ አየሁ። ፍሬኑን ጨበጠ፤ እሷ ባሰባት። አባቴ ዘንድ ሲደርስ መውረድ አልቻለም፤ እጅ መንሳቱን ግን አልተወም። አንገቱን ሰብሮ እየተሳለመ አልፏቸው ከታች ካለው ወንዝ ዳር ቄጤማ ውስጥ ገባ።

ሆዴን ደግፌ ደረስኩ። ደህና ነበር፤ ጭቃ ብቻ። አባቴ ብስክሌቷን ሊያነሱ ሲይዟት እጃቸው አዳለጣቸው። ጣታቸውን አሸተቱ። ቅቤው እኛንም ሸተተን። የእርስዎ ቅቤ ነው ብሎ ማን ያሳፍራቸው? ዝም ካልንም በቅሎዋ መምጣቷ ነው።

አባቴም፣ «ይህችን ቅቤ ማን ቀባት?» አሉ።

«ተኝቼ ነበር አባቴ፤ አላየሁም» አለ ባለቤቴ፣ ጭቃውን ከጢሙ እየጠረገ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ሳቄን በነጠላዬ ይዤው ነበር።

«እኔው በሁዳዴ አስፈስኬ፣ እኔው አልፈርድባትም» አሉ።

አመድና ሙቅ ውሃ አመጣሁ። ቸርኬውን ራሳቸው አሹት። ባለቤቴ የፍሬኑን ላስቲኮች አድርቆ፣ ደጋግሞ ሞክሮ፣ እንደገና ከላይ ወረደ። ፊታቸው ቆመች። ወርዶ እጅ ነሳ። መረቁትና በቅሏቸው ላይ ወጥተው ወደ ቡሬ ሄዱ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ማክሰኞ ሌሊት፣ ምጥ ያዘኝ። ባለቤቴ እቤት ነበር። ተመስገን።