ክፍት የቀረው ቧንቧ

ባለፈው ሳምንት ከሳቢያን ሰፈር በታክሲ ስመለስ ከፊታችን በሚሄደው ባጃጅ ጀርባ ላይ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተጽፎ አየሁ። ሾፌራችን አንብቦ ሳቀ። እኔ ግን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እናቴ ይህንኑ አባባል ጆሮዬ ሥር ያንሾካሾከችበት ቀን ትዝ አለኝ።

ግቢያችን ውስጥ ለአራት ቤት አንድ ቧንቧ ነበር። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ከፍቶ ይሞክረዋል። የዚያን ቀን ጠዋት፣ ገና በሁለት ሰዓት ሙቀቱ ፊት ሲለበልብ፣ እኔም ከፈትኩት። ትንሽ አየር ተነፈሰና ጸጥ አለ። እንዳይረፍድብኝ ስጣደፍ ሳልዘጋው ሄድኩ። ፈርዶሳ ደጃፋቸው ላይ ጫማዋን እያሰረች ቧንቧው ጋ ቆሜ አይታኛለች።

ፈርዶሳ የጎረቤታችን የአዴ ሙሚና የእህት ልጅ ናት። ከሁርሶ የመጣችው ለመማር ነበር፤ አክስቷ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ጠብሳ እየሸጠች ታስተምራታለች።

ቀትር ላይ ስንመለስ ውሃው መጥቶ ዝቅ ያለውን የአዴ ሙሚናን ቤት አጥለቅልቆታል። ለረመዳን ገበያ ከገዛችው ዱቄትና ስኳር፣ ዱቄቱ ሊጥ ሆኗል። ከስኳሩ የተረፈው እርጥብ ጆንያና ግቢውን የወረረው ንብ ነበር።

«መጨረሻ የወጣሽው አንቺ ነሽ» አለቻት አዴ ሙሚና።

ፈርዶሳ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ጋሽ ታሰው «ተናገሪ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» አሏት።

«ደጃዝማችነቱ ይቅርብኝ ጋሼ፣ ትምህርቴ ብቻ አይቅር» አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። ዓይኗ ግን ከእኔ ላይ አልተነሣም።

አፌን ልከፍት ስል እናቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አለች በቀስታ። እንዴት እንዳወቀች እንጃ። እውነቱን ለመናገር፣ ባትይዘኝም የምናገር አይመስለኝም። ዓይን አፋር ነበርኩ፤ አባባሉ መሸሸጊያ ሆነኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ ፈርዶሳ ፍራሿን ጠቅልላ ወደ ሁርሶ ተመለሰች። አክስቷ ከእንግዲህ ላስተምራት አልችልም ብላ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

አሁን ፈርዶሳ መጋላ ገበያ ውስጥ ሎሚና ቃሪያ ትሸጣለች። ባጃጁን ያየሁ ዕለት፣ ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ።

«አቦ፣ ጠፋሽ እኮ። እናትሽ ደህና ናቸው?» አለችኝ። ልጇን ከጉልበቷ አውርዳ በርጩማ አቀረበችልኝ። ሎሚ እየጨበጠች መረጠችልኝ፣ ሁለት ፍሬም መረቀችልኝ። ስለ ቧንቧው አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። እኔም ሎሚዬን ይዤ ተመለስኩ።

የጋሽ ታሰው አባባል እውነት ነበር፤ ካለመናገር የቀረው ግን የእኔ አልነበረም። የእናቴም እውነት ነው። እህል ቢሆን ኖሮ እስካሁን ነቀዝ ጨርሶት ነበር። ያ ዝምታዬ ግን እንደተቀመጠ አለ፤ አንድ ፍሬ አልጎደለም።