ቁጭ ብሎ ኖር ማለት

የአባቴ ዳሌ በቀዶ ሕክምና ከተቀየረ በኋላ ሐኪሙ የከለከለው ሦስት ነገር ብቻ ነበር። ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ አይቀመጡ፣ እግርዎን አያነባብሩ፣ ሲነሱ ወደ ፊት አይጎንበሱ። ለሦስት ወር። ከዚያ በኋላ በዙሪያው ያለው ሥጋ ጠንክሮ አዲሱን መገጣጠሚያ ይይዘዋል አለ።

ለሌላ ሰው ቀላል ነው። አባቴ ግን በአዳማና በባቱ መንገድ ሠላሳ ዓመት አይሱዙ የነዳ፣ ከመሪው ሲወርድ ደግሞ ሰው እየገባ ተቀምጦ መቆየት የማይሆንለት ሰው ነው። ሕፃን ልጅ ቢገባ እንኳ ብድግ ይልና ጎንበስ ብሎ «ኖር» ይላል። አጥንቱ ተበልቶ በከዘራ በሚያነክስበት ጊዜም እያቃሰተ ይነሳ ነበር።

እኔ ደግሞ መቀመጥ አይሆንልኝም። ግጥም የሚመጣልኝ ስሄድ ነው፤ በመጣበት ቆሜ ስልኬ ላይ እጽፈዋለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ጎረቤታችን ሞተና አባቴ ለቅሶ ካልሄድኩ አለ። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ደርቤ፣ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ወዲያው አንድ ስንኝ መጣብኝና እንዳያመልጠኝ ወጣሁ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሜ ስጽፍ አንዲት አሮጊት መቀመጫ አጥተው ቆሙ። አባቴ ከፍ ያለውን ወንበር ለቀቀላቸውና የዕድሩ አጭር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ቄሱ ሲገቡ ከዚያ ዝቅታ ጎንበስ ብሎ ሊነሳ ሞከረ። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ መሬት ላይ ነበር፤ አንድ እግሩ አጥሮ ወደ ውስጥ ዞሯል። ያንን ስንኝ እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

የተተከለው የዳሌ መገጣጠሚያ ኳስ ከቦታው ወጥቶ ነበር። በማደንዘዣ አስተኝተው፣ ሳይከፍቱ መለሱት። ሐኪሙ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይርቅ ወጣት ነው። አልተቆጣም፤ ያስፈራኝም አለመቆጣቱ ነው። አንዴ የወጣ ደግሞ መውጣት ይቀናዋል አለን። ከእንግዲህ ከወጣ መክፈት ግድ ይሆናል፤ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል፣ እንደ ልብ መራመዱም ላይመለስ ይችላል። ሦስቱ ወር ከዜሮ ተጀመረ።

ፊዚዮቴራፒስቷ መነሳትን እንደ አዲስ አስተማረችው። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጫፍ መንሸራተት፣ የተቀየረውን እግር ወደ ፊት መዘርጋት፣ ከዚያ ደረትን ቀጥ አድርጎ በእጅ መግፋት። ሲቸኩልባት «ሱታ፣ አባባ፣ ሱታ» ትለዋለች፤ ቀስ ይበሉ ማለቷ ነው። አባቴ ይስቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ቃል በመስኮት ብቅ ብሎ በጋሪ ነጂዎች ላይ ሲጮህበት ኖሯል።

እኔ የበር ዘበኛ ሆንኩ። ጠያቂ ሲመጣ ደጅ ላይ አቆማለሁ፤ ቀድሜ ገብቼ እንዳይነሳ ትከሻውን እይዛለሁ። አንዷ ጎረቤታችን፣ «አባትሽ ሚኒስትር ሆነ እንዴ? በቀጠሮ ነው የምንገባው?» አለችኝ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ግን ደጅ የሚቆሙ ሰው አይደሉም። ሁሩታ ነው የሚኖሩት። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ አንድም ቀን ተቀምጦ ተቀብሏቸው አያውቅም። አንድ እሁድ ሳይነግሩን መጡ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ድምፃቸውን ሰምቼ ስሮጥ የአባቴ እጆች የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠዋል፤ ደረቱ ወደ ፊት መጥቷል። እዚያው ላይ ራሱን ገታ። ግንባሩን አላበው። ከዚያ ጀርባውን ቀስ አድርጎ ወደ ወንበሩ መለሰ።

«ኖር፣ ጋሼ» አለ። «አልነሳም።»

አጎቴ በሩ ላይ ቆመው አዩት። የተቀየሙ መሰለኝ።

«በእግዜር» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ስትሄድ ላይህ እንጂ ልትነሳልኝ መች መጣሁ።»

በርጩማ ሳቡና ከታናሽ ወንድማቸው ዝቅ ብለው ተቀመጡ። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሦስቱ ወር ሲሞላ ራጅ ተነስቶ የምርመራ ክፍሉ ውስጥ ውጤቱን ጠበቅን። ሐኪሙ ራጁን ይዞ ገባ። አባቴ ወደ ወንበሩ ጫፍ ተንሸራተተ። እግሩን ዘረጋ። በእጁ ገፍቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዘራው ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንደነበረ ነው።

«ኖር» አለ፣ ሳይጎነበስ።

«በእግዜር» አለ ሐኪሙ። ራጁን ወደ ብርሃኑ ሊያነሳው ጀምሮ ተወው። «ኳሱ ቦታውን ይዟል ልልዎት ነበር። ምኑን ልንገርዎት እንግዲህ?»

ስንወጣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያስነሳ ነበር። የጠራሁትን ባጃጅ አባቴ በእጁ አሰናበተውና በእግሩ ወደ ቤት ተነሳ። ከዘራው እኔ እጅ ላይ ቀርቷል። አስፋልቱን ከተሻገረ በኋላ ዞር አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ቆመሽ ልትጽፊ ነው?»

ልጽፍ ነበር። ስልኬን ከተትኩና ልደርስበት ሮጥኩ።