የነገ ቀን ያለበት ደብዳቤ

ወታደሮች ቢቸና ላይ የያዙኝ፣ ገበሬዎቹ ግብር በዛብን ብለው አቤት ያሉበትን ማመልከቻ የጻፍኩላቸው እኔ ስለሆንኩ ነው። አልጻፍኩም ብዬ መካድ አልቻልኩም፤ የእጅ ጽሑፌን አገር ያውቀዋል። ሞጣ ወስደው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ጣሉኝ። መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ የደረቀውን ደም ነው፤ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ። ገበሬውን አሳምፀሃል ብለው ውስጥ እግራቸውን ስለገረፏቸው በጉልበታቸው ነበር የሚሄዱት።

«ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ይደርቃል» ብለው ከተኙበት ጆንያ ግማሹን ለቀቁልኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የወታደሮቹ አዛዥ የሆነው መቶ አለቃ አስጠራኝ። በግርፋት ስለሞቱ ሁለት እስረኞች የላከው ደብዳቤ፣ ሥርዓቱን አልጠበቀም ተብሎ ከበላይ ተመልሶበት ነበር። ቁጥር የለው፣ ጉዳዩ የለው፣ ግልባጭ የለው!

«ከእንግዲህ ወረቀቱ ሳይሟላ አንድም እስረኛ አይሞትብኝም» አለና ብዕርና ወረቀት ሰጠኝ። እኔ ሞኙ ምሕረት መሰለኝ።

አሁን ሳስበው አፍራለሁ እንጂ፣ ብዕሩን ስጨብጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ቁጥሩን ከላይ በስተቀኝ ጻፍኩ፤ ዝቅ ብዬ «ጉዳዩ» የሚለውን አሰመርኩበት።

«ቀኑን የነገ አድርገው» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ደብዳቤ እኮ የሚጻፈው በዕለቱ ቀን...»

«የነገ አልኩህ! ጻፍ። እስረኛው ሊያመልጥ ሲል ተመትቶ ሞተ።» ቀጥሎ የሽማግሌውን ስም ጠራ።

ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳሁ። «እሳቸው እኮ በሕይወት አሉ» አልኩ።

በጥፊ አጮለኝ። «አሉ? ሽፍታ ደግሞ አንቱ ይባላል? ሞተ ብለህ ጻፍ!»

«ሞተም አልልም፣ ሞቱም አልልም። አልጽፍም።»

ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስይዞ በሰደፍ መታው። በመጀመሪያው ጮህኩ። በሁለተኛው የአጥንቴን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደመታኝ አላውቅም፤ ቀለሙ ከደሜ ጋር ተቀላቅሎ ወረቀቱ ላይ ሲፈስ አያለሁ። ሁለት ወታደሮች በጫማቸው እየረገጡ መጋዘኑ ድረስ ጎተቱኝ። ሁለት ጥርሴ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ።

ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጠርዝ ቀደው እጄን ጠቀለሉልኝ።

«ምን አጥፍተህ ነው ልጄ?»

«ፊደል ስቼ ነው።»

አላመኑኝም፤ ግን አልጠየቁኝም።

የከተማው ጸሐፊዎች በሙሉ ሸሽተው ስለነበር መቶ አለቃው ሌላ የሚጽፍለት ሰው አጣ። ያለ ወረቀት መግደሉን ደግሞ ፈራ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከደብረ ማርቆስ ካሚዮን መጣና እስረኛውን ሁሉ ቆጥሮ ጫነ። ሽማግሌው በሰው ጀርባ ታዝለው፣ በሕይወት ወጡ።

ዛሬ ቢቸና ፍርድ ቤት በር ላይ በግራ እጄ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ክረምት ሲገባ ቀኝ እጄ ይጠዘጥዘኛል፤ ያን ጊዜ ያን ሰውዬ እረግመዋለሁ። ይቅር አላልኩትም።

ሽማግሌው ብዙ ዓመት ኖሩ። ቀናቸው ሲደርስ፣ ሩቅ አገር ላለው ልጃቸው መርዶውን እንድጽፍለት ቤተሰቡ ወደ እኔ መጣ። ከላይ በስተቀኝ የዕለቱን ቀን ጻፍኩ። ከዚያ በግራ እጄ፣ ቀስ ብዬ፣ «አባትህ አረፉ» አልኩ።